አድራጊው ያልተነገረ ግስ፦ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና የጌዴኦ ተፈናቃዮች ዕርዳታ

መሬት ተንቀጥቅጣ ቤት ስታፈርስ ዕርዳታ ለማሰባሰብ የሚነሣ ሰው ከአንድ ከባድ ጥያቄ ይድናል፤ በደለኛው ማን ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሰጪውም ቢሆን እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ከማን ጎን እንደሚቆም ማሰብ አይኖርበትም። በኅዳር 1981 ዓ.ም. የአርመንያን ከተሞች ስፒታክንና ሌኒናካንን የመታው መንቀጥቀጥ ቢያንስ 25 ሺህ ሰው ሲገድል፣ በፈረንሳይ፣ በአሜሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ተበትኖ የሚኖረው አርመናዊ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። በፓሪስ ተወልዶ ያደገው ዘፋኙ ሻርል አዝናቩር በራሱ ስም የዕርዳታ ድርጅት አቋቋመ፤ ሌሎች ዘፋኞችንም አስተባብሮ ለተጎጂዎች የሚሆን መዝሙር አስቀረጸ። በሶቪየት መንግሥትና በስደተኞቹ መካከል የነበረው የቆየ ቂም ለጊዜውም ቢሆን ወደ ጎን ተባለ።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለአገራቸው ካደረጓቸው ታላላቅ የዕርዳታ ማሰባሰብ ሥራዎች አንዱ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለጌዴኦ ተፈናቃዮች የተደረገው ነው። እዚህ ግን የተንቀጠቀጠ መሬት አልነበረም። የጌዴኦ ምድር በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ትከሻ ላይ፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ የተቀመጠ ቢሆንም፣ በ2010 ዓ.ም. ሰውን ከቤቱ ያስወጣው ሌላ ሰው ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ሰው ያደረሰውን ጥፋት መሬት እንዳደረሰችው አድርጎ መጥራት እንዴት ተቻለ? ይህ አጠራርስ ምን አስገኘ? ምንስ አስቀረ? ጉዳዩ ለሥነ ጽሑፍ መምህር ምኑ ነው የሚል ቢኖር፣ ጥሪ ከሁሉ አስቀድሞ የቃል ሥራ ነው እለዋለሁ።

ከቃሉ እንጀምር። "ፈነቀለ" ማለት ድንጋይን ወይም ሥርን ከተቀመጠበት ነቅሎ ማንሣት፣ መገልበጥ ነው። "መፈንቅለ መንግሥት" የተባለው የፖለቲካ ቃል የወጣው ከዚሁ ግስ ሲሆን፣ መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ ሲባል የሰማ ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው "ማን አደረገው?" ብሎ ነው። "ተፈናቀለ" ግን ሌላ ጠባይ አለው። በቅርፁ "ደበደበ" ከሚለው ከሚወጣው "ተደባደበ" ጋር አንድ ነው፤ የእርስ በርስ ድርጊትን ለማመልከት የሚያገለግል ቅርፅ ማለት ነው። በአገልግሎቱ ግን ተገብሮ ሆኗል። "ሰዎች ተፈናቀሉ" የሚል ሰው እርስ በርሳቸው ተነቃቀሉ ማለቱ አይደለም፤ ነቃዩ ሌላ ነው፤ እርሱ ግን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቦታ የለውም። ልብ በሉ፤ ቋንቋው አድራጊውን የሚጠራበት ቃል አላጣም። "አፈናቀለ" የሚል ግስ አለ፤ "አፈናቃይ" የሚል ስምም አለ። ሆኖም "ተፈናቃይ" ከሬዲዮ እስከ ቀበሌ ደብዳቤ የዕለት ተዕለት ቃል ሲሆን፣ "አፈናቃይ" በክስና በስድብ መካከል የቀረ፣ የተከበረ ሰው በአደባባይ የማይደፍረው ቃል ሆኖ ይኖራል።

"ተንቀጠቀጠ" ከዚህ ይለያል። "ምድር ተንቀጠቀጠች" ሲባል ባለቤትዋ ራስዋ ምድር ናት፤ ሌላ አድራጊ አይጠበቅም። የቀደመው ሰው አንቀጥቃጩን በእግዚአብሔር ስም ይጠራ ነበር፤ የዛሬው ሰው ስለ ስምጥ ሸለቆው መሰንጠቅ ይናገራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን የመሠረቱት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ፒየር ጉዊን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሁለቱ አነጋገሮች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ማስታወሻ የተለቀመው በአንድ በኩል፣ መሣሪያ የመዘገበው በሌላ በኩል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ፈጽሞ አፍርሶ፣ ወደ 5 ሺህ ሰው ያለ መጠለያ ሲያስቀር ማንም የከሰሰው ሰው አልነበረም። በእርግጥ ይህም ቢሆን እስከ መጨረሻው አይሄድም። በአርመንያ ሕዝቡን የፈጀው ከመንቀጥቀጡ ይልቅ በደካማ አሠራር የቆሙት ሕንፃዎች መሆናቸው ኋላ ታውቋል። እንግዲህ ለምድርም አንዳንዴ ተባባሪ አላት።

በውጭ ያለው ኢትዮጵያዊ ለአገሩ መከራ የደረሰበትን ታሪክ ወደ ኋላ ስንመለከተው፣ መጀመሪያ የምናገኘው የተገላቢጦሹን ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ገንዘብ ይሄድ የነበረው ከአገር ወደ ውጭ ነው። በኢየሩሳሌም የነበሩት መነኮሳትና ተሳላሚዎች የሚኖሩት ከነገሥታቱና ከመኳንንቱ በሚላክ ስጦታ ነበር። የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ገንዘብ ተጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመውም በዚሁ መንገድ ነው። የሌላው አቅጣጫ ምሳሌ፣ ማለትም ርቀው ያሉት ተራበ ለተባለ አገር ሲያዋጡ፣ ለአማርኛ አንባቢ የሚያውቀው ከሐዋርያት ሥራ ነው፤ የአንጾኪያ ምእመናን በይሁዳ ላሉት ወንድሞቻቸው ያደረጉት መዋጮ። ያ መዋጮ ለረሃብ የተደረገ ነበርና በደለኛ አልነበረውም።

በእኛው ታሪክ በደለኛው በግልጽ የተጠራበት የመጀመሪያው ትልቅ የውጭ አገር ማሰባሰብ የጣልያን ወረራ ጊዜው ነው። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን ከንጉሠ ነገሥቱ ተልከው ወደ አሜሪካ ከተመለሱ በኋላ፣ በነሐሴ 1929 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ የኢትዮጵያ ድምፅ የሚል ጋዜጣም አወጡ። አዋጪዎቹ በአብዛኛው ኢትዮጵያን በዓይናቸው ያላዩ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። የጥሪው ቋንቋ ግን ምንም የሚያቅማማበት ነገር አልነበረውም፤ ወራሪው ባዕድ ነው፤ ስሙ ይታወቃል፤ ግሱ አድራጊ አለው።

ሁለተኛው የወሎ ረሃብ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በአውሮፓና በአሜሪካ የነበረው ተማሪ ብዙ ገንዘብ አልነበረውም፤ የላከውም ክስ ነው። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ረሃቡን ለዓለም ሲያሳይ፣ ተማሪው ለምን ተደበቀ፣ ማን ደበቀው ብሎ ጠየቀ። ይኸው ፊልም በቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ተቀይጦ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የተራበ ሕፃን ሥዕል መንግሥት ለመፈንቀል ማገልገሉን ለማወቅ ከዚያች ምሽት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። የ1977ቱ ረሃብ ሲመጣ ደግሞ ሁኔታው ተለውጧል። ተማሪው ስደተኛ ሆኗል፤ በ1972 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግም ብዙዎችን አስገብቷል። ለተራበው መስጠት ይፈልጋሉ፤ የሚሰጡት ያለፈው ግን በሸሹት መንግሥት እጅ ነው። ይህ እጅ ያሰረ ጥርጣሬ ከደርግ መውደቅ በኋላም በሌላ መልኩ ቀጠለ።

እዚህ ላይ "ዲያስፖራ" የሚለው ቃል የገባበትን ጊዜ ማስታወስ ይገባል። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ መበተን ማለት ነው። ግዕዝ "ዝርወት" የሚል የራሱ ቃል አለው። አማርኛ ግን ከሁለቱም በፊት የሚናገረው "ስደተኛ" ብሎ ነበር፤ እርሱም የሚያሳድድ እንዳለ ይጠቁማል። "ዲያስፖራ" የሚለው ስም በ1990ዎቹ ሲለመድ ስደቱ ተረሳ፤ ባለ ገንዘብነቱ ቀረ። ቃሉ የሚያሳድድ የለውም፤ የሚልክ እንጂ።

ወደ ጌዴኦ ስንመጣ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ በመጋቢት 2011 ካዋጡት ሰዎች ብዙዎቹ ስለዚህ ሕዝብ የሚያውቁት ጥቂት ነበርና። በንጉሡ ዘመን "ደራሳ" እየተባለ በሌላ ስም ሲጠራ የኖረ ሕዝብ ነው። ከሀገሩ ስም ቀድሞ ውጭ አገር የደረሰው የቡናው ስም ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋ ጨፌን፣ ሲዳማንና ሐረርን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. የጀመረው ሙግት በሰኔ 1999 ከስታርባክስ ጋር በስምምነት ሲቋጭ፣ ይርጋ ጨፌ የሚለውን ስም የማያውቅ ቡና ጠጪ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ቡናውን የሚተክለው ማን እንደሆነ ግን በጥቅሉ ላይ አልተጻፈም። ጌዴኦ ቡናውን በእንሰትና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚያለማበት ጥበብ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዲላ ወደ ወናጎ በሚወስደው መንገድ ጪጩን ሲያልፉ ግራ ቀኙ የሚታየው ይኸው ነው፤ ደን የሚመስል ማሳ፣ ማሳ የሆነ ደን። በዚህ ደን ውስጥ ያለው የሰው ብዛት በአገሪቱ ገጠር እጅግ ከተጨናነቁት የሚቆጠር ነው። ስለዚህም የጌዴኦ ገበሬ ከትውልድ ወደ ትውልድ ወደ ጎረቤቱ ጉጂ ምድር እየተሻገረ ቡናና እንሰት ሲተክል ኖሯል።

ጌዴኦና ጉጂ ባዕዳን አይደሉም። የአንድ አባት ልጆች እንደነበሩ የሚናገር አፈ ታሪክ አላቸው፤ ሁለቱም የገዳ ሥርዓት አላቸው፤ ደም ሲፈስ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የሚባል የጋራ ሥርዓት አላቸው። ሆኖም በ1987 እና በ1990 ዓ.ም.፣ ከአዲሱ የክልል አከላለል ጋር ተያይዞ ግጭት ተነሣ። በሚያዝያ 2010 የተነሣው ግን ከሁለቱም የከፋ ነበር። በምዕራብ ጉጂ በቀርጫ፣ በሐምበላ ዋመና፣ በብርብርሳ ኮጆዋና በሌሎች ወረዳዎች ይኖሩ የነበሩ ጌዴኦዎች ቤታቸው ተቃጥሎ ወጡ፤ ከጌዴኦ በኩልም ጉጂዎች ተፈናቀሉ። የመጀመሪያው ማዕበል ትንሽ በረድ ሲል ብዙዎች ተመለሱ፤ በሰኔ ደግሞ እንደገና ወጡ። በክረምቱ የሁለቱ ዞኖች ተፈናቃይ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ፤ የበዙት በጌዴኦ የተጠለሉት ነበሩ። ዓለም አቀፉ የተፈናቃዮች መከታተያ ማዕከል ለዚያ የአውሮፓውያን ዓመት በኢትዮጵያ 2.9 ሚሊዮን አዲስ ተፈናቃይ ሲመዘግብ በግጭት መፈናቀል ከዓለም አንደኛ ያደረጋት ይህ ነበር።

የጊዜው መገጣጠም ሊታለፍ አይገባውም። ግጭቱ የተነሣው አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን ከያዙ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሕዝቡ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ በተኛበት ሐምሌ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዋሽንግተን፣ በሎስ አንጀለስና በሚኒያፖሊስ አዳራሾች በጭብጨባ ይቀበሏቸው ነበር። ለአገር ልማት በቀን አንድ ዶላር ስጡ የሚለው የትረስት ፈንድ ጥሪ የተላለፈውም በዚያው ክረምት ነው። ለረጅም ዓመታት ከመንግሥት ጋር የተኳረፈው ስደተኛ ታርቆ ነበር፤ አዲስ የታረቀ ሰው ደግሞ የሚከስስ ጥያቄ አያነሣም። በዚያ የደስታ ወቅት የጌዴኦ ድምፅ ለምን ቀጭን ሆኖ እንደተሰማ ለመረዳት ከዚህ የበለጠ ምክንያት መፈለግ አያሻም።

በነሐሴ 2010 መንግሥት ተፈናቃዮችን መመለስ ጀመረ። በዓመቱ መጨረሻ ተመለሱ ከተባሉት ብዙዎቹ ደኅንነታቸው ስላላስተማመናቸው ዳግመኛ ወደ ጌዴኦ ተሰደዱ። ዳግመኛ የወጡት ግን በይፋ "ተመላሽ" ስለነበሩ ከዕርዳታ መዝገብ ውጭ ሆኑ። እዚህም ቃል ሥራውን ይሠራል። "ተመላሽ" የተባለ ሰው ሊራብ አይችልም፤ ቤቱ ገብቷልና። በገደብ ወረዳ ጎቲቲ በምትባል ቦታ የተሰበሰቡት የዚህ ቃል ሰለባዎች ነበሩ። በየካቲትና በመጋቢት 2011 የጎቲቲ ሕፃናት ፎቶግራፍ ወጣ፤ አጥንታቸው የሚቆጠር ሕፃናት። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በስፍራው የምግብ እጥረት ሕክምና ጀመሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በዚያው ወር ጎቲቲን ጎበኙ። ወሩ መጋቢት 1 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 157 ሰዎችን እንደያዘ የወደቀበት፣ አገር ሁሉ ልቡ የተሰበረበት ወር ነበር።

ጥሪውን በውጭ ያስተጋባው አርቲስት ታማኝ በየነ ነው። ታማኝ ከሃያ ዓመት በላይ በአሜሪካ በስደት ቆይቶ በ2010 ማብቂያ ወደ አገሩ የተመለሰ የመድረክ ሰው ነው። ግሎባል አልያንስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ማኅበር የተወለደውም በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ባባረረችበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ማኅበሩ መጀመሪያ የተቋቋመው ለተበተኑት ለራሳቸው ነበር፤ አሁን ደግሞ በገዛ አገራቸው ለተበተኑ ሊደርስ ተነሣ። ጎፈንድሚ በተባለው የኢንተርኔት ማዋጫ በተከፈተው መዝገብ በአጭር ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ፤ ገንዘቡም በወርልድ ቪዥን በኩል ሥራ ላይ እንዲውል ተደረገ። አርመኖቹ ዘፋኝ ነበራቸው፤ እኛ ቀልደኛና ተናጋሪ ነበረን። በሁለቱም ዘንድ ሰው ገንዘቡን ያመነው ለሚያውቀው ድምፅ መሆኑ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ልዩ ትርጉም አለው። የሒሳብ መዝገብ የሚታመነው መዝጋቢው ሲታመን ነው፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ከሒሳብ ሠራተኛ ይልቅ የመድረክ ሰው ይታመናል።

የገንዘቡ መጠን ብዙዎችን አስደንቋል። እስቲ እናካፍለው። አንድ ሚሊዮን ዶላር በወቅቱ ምንዛሪ 28 ሚሊዮን ብር ያህል ነው፤ ለአንድ ሚሊዮን ተፈናቃይ ቢከፋፈል ለነፍስ ወከፍ 28 ብር ይደርሳል። ይህን የምለው ስጦታውን ለማቃለል አይደለም፤ በጎቲቲ ለነበረች እናት የዚያ ሳምንት ምግብ ሞትና ሕይወት ነበር። ነገር ግን ያንን ሕዝብ ዓመቱን ሙሉ ማን አኖረው ብሎ የሚጠይቅ ታሪክ ጸሐፊ መልሱን በዶላር አያገኘውም። ብዙው ተፈናቃይ ያደረው በጌዴኦ ገበሬ ቤት ነው፤ የበላውም የገበሬውን ቆጮ ነው። በጪጩና በወናጎ መንገድ ዳር ያሉ ቤተሰቦች ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ተቀብለው ከገዛ ጉድጓዳቸው ሲያወጡ፣ ማንም መዝገብ አልከፈተላቸውም። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ከተፋቀ በኋላም በጉድጓድ ተቀብሮ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በቀርጫ የተቃጠለበት ገበሬ ተሸክሞት ሊሸሽ የማይችለው ሀብት ይህ ነው። በጌዴኦ የተቀበለው ገበሬ ደግሞ በአንድ ክረምት የሰጠው የብዙ ዓመት ተክሉን ነው። ቡናውም የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ስለሆነ፣ በሰኔ የወጣ ሰው የዚያን ዓመት ለቀማ አጣ። ስንዴና ዘይት በዶላር ይገዛል፤ የእንሰት ዕድሜ ግን አይገዛም።

የጥሪው ቁልፍ ቃል "ወገን" ነበር። ወገን ለወገን ይድረስ፤ ወገን ተራበ። ይህ ቃል ሁለት ፊት አለው። በአንደኛው የኔ የምለው ሰው፣ ዘመዴ ማለት ነው። በሁለተኛው ጎራ፣ ክፍል ማለት ነው፤ "ወገንተኛ" የሚለው ነቀፋ ከዚህ ይወጣል። በመጋቢት 2011 ቃሉ በመጀመሪያው ፊቱ ዞረ። ከሲያትልና ከፍራንክፈርት የሰጠው ሰው ጌዴኦ ነኝ አላለም፤ የተጠራውም ኢትዮጵያዊ ተብሎ ነው፤ በስሙም ሰጠ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ወገን የሆነው የተራበው ብቻ ነበር። ጥሪው በጌዴኦ ስም ስለታወቀ፣ በምዕራብ ጉጂ መጠለያ ውስጥ የነበረው ጉጂ ከሥዕሉ ወጣ፤ አስገዳጁና አቃጣዩ ደግሞ ከመጀመሪያውም በሥዕሉ ውስጥ አልነበረም። የቀረው የተራበ ሕፃን ነው። ነገሩ ሁሉ ረሃብ ተባለ፤ ረሃብ ደግሞ በኢትዮጵያውያን አእምሮ ከሰማይ የሚመጣ ነው። የወሎ ጊዜ ተማሪዎች ከረሃቡ ጀርባ ሰው ፈልገው አገኙ፤ የኛ ዘመን አዋጪ ከሰው ጀርባ ረሃብ አገኘ።

"ይድረስ" የሚለውም ቃል የራሱ ነገር አለው። "ደራሽ" ለተቸገረ ፈጥኖ የሚደርስ ነው፤ ድንገት የሚመጣ ጎርፍም ደራሽ ይባላል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መጥተው በአንድ ጊዜ ይሄዳሉ። ከዚያው ከ"ደረሰ" የሚወጣው "ደራሲ" ግን ቁጭ ብሎ ነገሩን ከመነሻው የሚያያይዝ ነው። ለጌዴኦ ደራሾች በጊዜው ተገኙለት፤ ደራሲ ገና ነው። በመቶ ሺዎች ስለሚቆጠር ሕዝብ መነቀል ተማሪዎቻችን በሴሚናር የሚያነቡት ልቦለድ ሳቀርብላቸው የሚከብደኝ ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የሚቀርበውን ተቃውሞ አውቃለሁ፤ ከባልደረቦቼም ሰምቼዋለሁ። ዕርዳታ ሰብሳቢ ዳኛ አይደለም፤ ስም ጠርቶ ቢከስስ እሳት ይጨምራል፤ የተቃጠለው ቤት ባለበት ላይ ሌላ ያስቃጥላል ይላሉ። እውነት አላቸው። በዚያ ወቅት አንድ ሕዝብ በጅምላ "አፈናቃይ" ተብሎ ቢጠራ ኖሮ የሚከተለው ምን እንደሆነ ከዚያ በኋላ በሌሎች ቦታዎች አይተናል። ነገር ግን ዝምታና የጅምላ ክስ ብቸኛ ምርጫዎች አይደሉም። ጌዴኦና ጉጂ በጎንዶሮአቸው ሦስተኛ መንገድ አላቸው፤ በደሉ በሽማግሌዎች ፊት በስሙ ይጠራል፤ የተጠራውም ለመበቀል ሳይሆን ዳግመኛ ላይፈጸም በመሐላ ለመቋጨት ነው። ያ ሥርዓት በጥቂት ቀናት ውስጥ አይጨርስም፤ ፎቶግራፍም አይወጣለትም፤ የዶላር ማዋጫም አያውቀውም። በእኔ እምነት የ2011ዱ ጥሪ ጉድለት የበደለኛውን ስም አለመጥራቱ አይደለም። በደል መኖሩን የሚያመለክት አንድም ግስ አለመጠቀሙ ነው። ገንዘቡ የመጣው ቤት በተቃጠለበት ምክንያት ላይ ምንም ሳይነገር ነውና፣ በዚያው ዓመት መንግሥት ተፈናቃይ ሁሉ እንዲመለስ ሲገፋ፣ በአንዳንድ ስፍራም ዕርዳታው መመለሻ እንዲሆን ሲቀነስ፣ ሰጪው ሕዝብ የሚናገርበት ቃል በእጁ አልነበረውም። ለረሃብ የሰጠ ሰው ረሃቡ ሲታገስ ሥራው ያበቃል።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ አንድ ሣጥን ብዙ ጊዜ አልታየም። በጥቅምት 2013 መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ሲነሣ በውጭ ያለው ሕዝብ ሣጥኑን ለየብቻ አደረገ፤ "ወገን" ወደ ሁለተኛው ፊቱ ዞረ፤ እያንዳንዱም ለየራሱ ጎራ አዋጣ። ያን ጊዜ አድራጊ ግስ በሽበሽ ሆነ፤ ሁሉም ገዳይን ይጠራ ነበር፤ ተገብሮው የቀረው ለሌላው ወገን ሟቾች ብቻ ነበር።

የተፈጥሮ አደጋም ተከተለ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራ ተንሸራትቶ ከ200 በላይ ሰው ቀበረ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ጎፋና ጌዴኦ በዚያን ጊዜ፣ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ፣ የአንዱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ዞኖች ሆነዋል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ለወራት ስትንቀጠቀጥ ቆየች፤ በታኅሣሥ መጨረሻ መንግሥት ከ80 ሺህ በላይ ሰዎችን ከአፋርና ከኦሮሚያ አካባቢዎች ለማንሣት መወሰኑን አስታወቀ። ብዙዎቹ ቤታቸው ሳይፈርስ በፊት በመኪና ተጭነው ወደ ሌላ ስፍራ የተወሰዱ ናቸው። ያነሣቸው ይታወቃል፤ መንግሥት ነው። ያስነሣቸውም ይታወቃል፤ ከምድር በታች የሚንቀሳቀስ ቅልጥ ድንጋይ ነው። በዜናው ግን እነርሱም በአንድ ቃል "ተፈናቃዮች" ተባሉ፤ በጎቲቲ ለነበሩት የዋለው ያው ቃል።